ከቦንጋ እስከ ምኅዋር፤ የቅጣው እጅጉ ሙያና የጠፈር መንኰራኵሮች አደጋ

ከጅማ ተነሥቶ የጎጀብን ወንዝ በመሻገር ወደ ቦንጋ፣ ከቦንጋም ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ የሚዘልቀው መንገድ የሚያቋርጠው አገር በዓለም ዘንድ የታወቀው በቡናው ነው። በካፋና በሸካ ጫካ ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ ራሱ የሚያፈራው ቡና፣ በቤንች ምድር በበበቃ የተንጣለለው ሰፊ የቡና እርሻ፣ በቴፒ ዙሪያ ከቡናው ጐን የሚለማው ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ የአካባቢው መታወቂያ ሆነው ኖረዋል። ስለዚህም የዚህን አገር ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ብዕሩን የሚያዞረው ወይ ወደ ቡናው፣ ወይ ወደ ደኑ፣ ወይም ወደ ጥንቱ የካፋ መንግሥት ነው። የጠፈር በረራ ታሪክ በዚህ መንገድ ያልፋል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ በ1940 ዓ.ም. በቦንጋ የተወለዱት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ከዚህ ምድር ተነሥተው፣ የአሜሪካንን የጠፈር መመላለሻ መንኰራኵሮች በሠራው በሮክዌል ኢንተርናሽናል ኩባንያ ውስጥ የጠፈር መንኰራኵርና የሳተላይት ሥርዓቶች ዋና መሐንዲስ ለመሆን በቅተዋል። (እዚህ ላይ ዓ.ም. የተባለው ሁሉ የኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን፣ የአውሮፓው ሲጠቀስ እ.ኤ.አ. ተብሎ ተለይቷል።)

የትምህርታቸው ጉዞ ራሱ የዘመኑን ዓለም ገጽታ ያሳያል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጅማ በሚያዝያ 27 ትምህርት ቤት ከተከታተሉ በኋላ ወደ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ገቡ። ይህ ተቋም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ርዳታ የተመሠረተ ሲሆን፣ የእርሻ መሣሪያዎች፣ የኤሌክትሪክ፣ የብረታ ብረት፣ የጨርቃ ጨርቅና የእንጨት ሥራ ሙያዎች ይሰጡበት ነበር። ቅጣው ከዚያ ወጥተው ጥቂት ጊዜ በአገር ውስጥ በመኪና ሙያ ካገለገሉ በኋላ ወደ ጃፓን ሄደው ቋንቋውንና ምሕንድስናውን ተማሩ፤ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ሁለቱ ኃያላን መንግሥታት በሰማይ ላይ ሲፎካከሩ የቦንጋው ተማሪ የአንዱን የሙያ ትምህርት በጣና ዳር፣ የሌላውን ፋብሪካ በባሕር ማዶ አየ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዕድል በዚያ ዘመን ለብዙ ሰው የገጠመ አልነበረም።

በአገር ቤት ስማቸው ሲነሣ «የናሳው ሳይንቲስት» ማለት የተለመደ ነው። አባባሉ ከአክብሮት የመነጨ ነው፤ ነገር ግን የሙያ ሰው የሆነ አንባቢ ልዩነቱን ቢያስተውል ይጠቅመዋል። ናሳ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ያቅዳል፣ ይቈጣጠራል፣ ያስወነጭፋል። መንኰራኵሩን፣ ሮኬቱንና ሞተሩን የሚሠሩት ግን በአብዛኛው በውል የተያዙ ኩባንያዎች ናቸው። ቅጣው ስማቸው የተጠራው ከእነዚህ ኩባንያዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ሙያቸውም የሥርዓት ምሕንድስና ሲሆን፣ የዚህ ሙያ ባለቤት ዐይኑን የሚጥለው በአንድ ዕቃ ላይ ሳይሆን ዕቃና ዕቃ በሚገናኙበት ስፍራ ላይ ነው፤ አንዱ ክፍል የሚሰጠውን ሌላው መቀበል መቻሉን፣ አንዱ ቢደክም ሌላው የሚሆነውን ይመረምራል። የጠፈር አደጋዎችን ታሪክ በዚህ ሙያ ዐይን የተመለከተ ሰው መገናኛው የሚላላው በብረትና በብረት መካከል ብቻ አለመሆኑን ይረዳል። በሠሪውና በአሠሪው መካከልም፣ በሚያውቀውና በሚወስነው መካከልም ይላላል። የሮክዌል ታሪክ ለዚህ ከማናቸውም ኩባንያ የበለጠ ምሳሌ ይሆናል።

ኩባንያው ይህን ዕጣ የወረሰው በስሙ ከመጠራቱ በፊት ነው። ጥር 19 ቀን 1959 ዓ.ም. አፖሎ 1 የተባለችው መንኰራኵር በፍሎሪዳ በሮኬቷ አናት ላይ እንዳለች፣ የልምምድ ሙከራ ሲደረግ ከውስጧ እሳት ተነሣና ጋስ ግሪሶም፣ ኤድዋርድ ዋይትና ሮጀር ቻፊ ሞቱ። በዚያን ቀን ሮኬቱ ነዳጅ አልተሞላም፤ ስለዚህም ሙከራው ከአደገኞቹ ተራ አልተቈጠረም ነበር። ነገር ግን ክፍሉ ንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቶበት ስለነበር ከሽቦ የወጣ ብልጭታ ያገኘውን ሁሉ አቀጣጠለ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት በመሆኑም የእሳቱ ግፊት ራሱ በሩን ዘግቶ ያዘው። መንኰራኵሯን የሠራው ኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን የተባለው ድርጅት ነበር፤ እርሱም በዚያው የአውሮፓ ዓመት ከሮክዌል ጋራ ተዋሐደ። ከአደጋው በኋላ በሩ ወደ ውጭ በሰኮንዶች ውስጥ እንዲከፈት ተደርጎ ተሠራ፤ በቀላሉ የሚቃጠለውም ነገር ሁሉ ከውስጥ ተለቀመ። ወደ ጨረቃ የደረሱት ሰዎች የሄዱት በዚህ በተለወጠው መንኰራኵር ነው።

በሶቪየት በኩልም ሞት አልቀረም፤ አብዛኛው የመጣውም በመመለሻው ሰዓት ነው። መንኰራኵር በምኅዋር ላይ ሲዞር በሰኮንድ ወደ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት አለው። ይህ ፍጥነት ሁሉ ወደ ምድር ሲመለስ በአየሩ ላይ መራገፍ አለበት፤ ከፊቱ የታመቀው አየርም ብረት እስኪያቀልጥ ድረስ ይግላል። የመጀመሪያው ሰው ዩሪ ጋጋሪን ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ይህን ፈተና የተቀበለው በአፍሪካ ሰማይ ላይ ነበር። የማቀዝቀዣ ፍሬኑ፣ ማለት ፍጥነቱን የሚቀንሰው ሮኬት፣ የተተኰሰው በአንጎላ አቅጣጫ ወደ አፍሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ሲቃረብ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሊለያዩ የሚገባቸው ሁለት ክፍሎች በሽቦ ጥቅል ተያይዘው ቀሩ። መንኰራኵሩ እየተሽከረከረ አህጉሩን አቋርጦ ወደ ግብጽ ካቀና በኋላ ሙቀቱ ሽቦውን አቃጥሎ በጠሰው፤ ጋጋሪንም ዳነ። ይህ ችግር ለብዙ ዓመታት ለሕዝብ ሳይነገር ቈይቷል። ቭላዲሚር ኮማሮቭ ግን አልቀናውም፤ ሚያዝያ 16 ቀን 1959 ዓ.ም. የሶዩዝ 1 ዋና ፓራሹት አልዘረጋ ብሎ ከምድር ጋራ ተላተመ። ሰኔ 23 ቀን 1963 ዓ.ም. ደግሞ የሶዩዝ 11 ሦስት ተጓዦች፣ ዶብሮቮልስኪ፣ ቮልኮቭና ፓትሳየቭ፣ ክፍሎቹ ሲለያዩ አንዲት ቫልቭ ያለጊዜዋ ተከፍታ አየራቸው በማለቁ፣ መንኰራኵሯ በሰላም ስታርፍ እነርሱ ሞተው ተገኙ። ለሦስት ሰው ቦታ እንዲበቃ ሲባል የግፊት ልብስ አልለበሱም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳይለብሱ መውጣትም መግባትም ተከለከለ።

በዚያን ዘመን ኢትዮጵያ የዚህ ሁሉ ተመልካች ብቻ አልነበረችም፤ መሬቷ ለማየትና ለማድመጥ ያገለግል ነበር። በደብረ ዘይት የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም የሳተላይቶችን መንገድ በፎቶግራፍ የሚከታተል ቤከር ነን የተባለ ትልቅ ካሜራ ነበረው። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችው በአሥመራ ደግሞ በቃኘው የጦር ሰፈር የቆሙት ግዙፍ አንቴናዎች የሶቪየት መንኰራኵሮች ከጠፈር የሚልኩትን ምልክት ያደምጡ ነበር። ታዲያ ያየውም የሰማውም መዝገብ ባለቤቱ ሌላ ስለነበረ ለአገሬው ሙያ የተረፈው ጥቂት ነው። ቅጣው እጅጉን ከመሰሉ ሰዎች ሕይወት ይህን ማየት ይቻላል፤ ሙያውን ለማግኘት መሄድ ነበረባቸው።

ከሁሉ ይልቅ ሊተረክ የሚገባው ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. የደረሰው የቻሌንጀር አደጋ ነው። ቻሌንጀር ከሮክዌል መንኰራኵሮች አንዷ ነበረች። በተወነጨፈች በ73ኛው ሰኮንድ በፍሎሪዳ ሰማይ ላይ ተበታትና ሰባቱም ተጓዦቿ አለቁ፤ እነርሱም ዲክ ስኮቢ፣ ማይክል ስሚዝ፣ ሮናልድ ማክኔር፣ ኤሊሰን ኦኒዙካ፣ ጁዲት ሬስኒክ፣ ግሪጎሪ ጃርቪስና መምህርቱ ክሪስታ ማኮሊፍ ናቸው። መምህርቱ ከጠፈር ሆና ትምህርት እንደምትሰጥ ተነግሮ ስለነበር በአሜሪካ ብዙ ሕፃናት በየክፍላቸው ሆነው በቴሌቪዥን ይመለከቱ ነበር።

ምክንያቱ የሮክዌል እጅ ካረፈበት ክፍል አልመጣም። መንኰራኵሯን ወደ ላይ ከሚገፉት ሁለት ጠጣር ነዳጅ ሮኬቶች በቀኝ በኩል ያለው፣ ከተለያዩ ቍራጮች ተገጣጥሞ የተሠራ ነበር፤ ቍራጮቹ የሚገናኙበትንም መጋጠሚያ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት ነው። ጎማ ሲበርደው ይደነድናል፤ በተፈለገበት ቅጽበት ተለጥጦ ቀዳዳውን መድፈን ይሳነዋል። በዚያ ጥዋት የአየሩ ሙቀት ወደ ሁለት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወርዶ ነበር፤ ከዚያ በፊት በእንዲህ ያለ ብርድ የተወነጨፈ የጠፈር መመላለሻ የለም። እሳቱ በቀለበቱ አጠገብ ሾልኮ ወጣ፤ የቀረው የጥቂት ሰኮንዶች ነገር ሆነ።

ይህ ሁሉ አስቀድሞ ያልታወቀ ቢሆን ኖሮ አደጋው አሳዛኝ እንጂ አስተማሪ አይሆንም ነበር። ነገር ግን ታውቆ ነበር። ቀለበቶቹ በእሳት እንደሚነኩ ቀደም ካሉት በረራዎች ተመልሰው በተገኙት ሮኬቶች ላይ ታይቷል። ሮኬቱን የሠራው የሞርተን ታይኮል ኩባንያ መሐንዲስ ሮጀር ቦይዦሊም ከአደጋው ስድስት ወር ያህል አስቀድሞ ይህ ነገር ሰው ሊገድል እንደሚችል ለአለቆቹ በጽሑፍ አስታውቋል። በዋዜማው ሌሊት በዩታ፣ በአላባማና በፍሎሪዳ ያሉት ሰዎች በስልክ ተሰብስበው ሲመክሩ መሐንዲሶቹ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መወንጨፍ አይገባም አሉ። የናሳ ኃላፊዎች በነገሩ አልተደሰቱም። የኩባንያው አለቆች ለብቻቸው ለመነጋገር ጊዜ ጠየቁ፤ በዚያም ጊዜ ከአለቆቹ አንዱ የምሕንድስናውን ኃላፊ የመሐንዲስነቱን ባርኔጣ አውልቆ የሥራ አስኪያጅነቱን እንዲደፋ ነገረው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኩባንያው ቃሉን አጥፎ «መወንጨፍ ይቻላል» አለ። በፍሎሪዳ የነበረው የኩባንያው ተወካይ አለን ማክዶናልድ አልፈርምም ቢልም ፊርማው ከዩታ በፋክስ መጣ።

የሮክዌልም ድርሻ በዚያች ጥዋት ተፈትኗል። በማስወንጨፊያው ማማ ላይ ሌሊቱን የተንጠለጠለው በረዶ ሲታይ፣ የሮክዌል ኃላፊዎች በረዶው ተሰብሮ መንኰራኵሯን ይመታል ብለው ሠጉ፤ ደኅና ለመሆኗም ዋስትና ልንሰጥ አንችልም አሉ። ሆኖም «አትወንጭፉ» የሚለውን ቃል በግልጥ አላወጡትም። ሰሚዎቹም ይህን እንደ ጥንቃቄ እንጂ እንደ ተቃውሞ አልወሰዱትም። ጉዳዩን የመረመረው የሮጀርስ ኮሚሽን በኋላ የኩባንያው አነጋገር የማያሻማ እንዳልነበረ ጽፏል፤ የናሳንም ውሳኔ ነቅፏል።

በአማርኛ ሰምና ወርቅ ያለው አነጋገር የዕውቀትና የጨዋነት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ለአለቃ የማይጥመውን ነገር ሸፈን አድርጎ መናገር፣ ሰሚውም ወርቁን ፈልቅቆ እንዲያወጣ መተው፣ በቅኔ ቤትም በግቢም የተከበረ ጥበብ ነው። የበረዶው ምክክር እንደሚያሳየው ግን ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካኖቹም ሰሙን ሰምተው ወርቁን ስተዋል። ልዩነቱ በቅኔ ቤት ወርቁ ቢጠፋ የሚጐዳው ቅኔው ብቻ መሆኑ ነው።

ኮሚሽኑ ሥራውን ሲያካሂድ የፊዚክሱ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ከቀለበቱ ቍራጭ ቀንሶ፣ በብረት መያዣ ጨብጦ፣ በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ ነከረው። ሲያወጣው ጎማው ወዲያው ወደ ቀድሞ ቅርጹ አልተመለሰም። ጉባኤው በቴሌቪዥን ይታይ ስለነበር፣ በብዙ ሺህ ገጽ የተጻፈውን ነገር ሕዝቡ በአንዲት ብርጭቆ ውሃ ተረዳው። በእርግጥ ከፋይንማን በፊት መሐንዲሶቹ ያውቁት ነበር፤ ለዝናው የበቃው ግን እርሱ ነው። የታሪክ ፍርድ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ነው።

ከቻሌንጀር በኋላ የመመላለሻዎቹ በረራ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ተቋረጠ። በዚህ የተነካው ሌላው የሮክዌል ሥራ የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይት ነበር። ኩባንያው ለአሜሪካ ጦር የሠራቸው ሁለተኛው ትውልድ ሳተላይቶች በመመላለሻዎቹ ተጭነው ወደ ምኅዋር እንዲወጡ ታቅዶ የነበረ ሲሆን፣ ከአደጋው በኋላ ይህ ቀርቶ ዴልታ 2 የተባለ ሰው የማይሳፈርበት ሮኬት ተመደበላቸው። የመጀመሪያው የወጣው የካቲት 7 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። አንድ ሳተላይት ለማውጣት የሰባት ሰው ነፍስ ማስያዝ እንደማያስፈልግ የታመነበት በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል፤ አስቀድሞም ሊታወቅ የሚችል ነገር ነበር።

ከ17 ዓመት በኋላ ደግሞ በመመለሻው ሰዓት ኮሎምቢያ ጠፋች። ኮሎምቢያ ወደ ጠፈር ከወጡት መመላለሻዎች የመጀመሪያዋና የሮክዌል የእጅ ሥራ ነበረች። ጥር 8 ቀን 1995 ዓ.ም. ስትወነጨፍ፣ በ82ኛው ሰኮንድ ገደማ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ላይ አንድ ኪሎ ግራም እንኳ የማይሞላ የሙቀት መከላከያ አረፋ ተገንጥሎ የግራ ክንፏን ግንባር መታው። መምታቱ በፊልም ታይቷል። መሐንዲሶች ጕዳቱ እንዲታይ በምኅዋር ላይ ሳለች በመንግሥት ካሜራዎች ፎቶግራፍ እንዲነሣላቸው ከአንድ ጊዜ በላይ ጠየቁ፤ ጥያቄው ግን ከፍ ካለው ስፍራ ሳይደርስ ቀረ ወይም ተሰረዘ። አረፋ ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ወድቆ ያውቃል፣ ምንም አላደረገም የሚለው ሐሳብ አሸነፈ። ጥር 24 ቀን ስትመለስ የጋለው አየር በተሸነቈረው ክንፍ ገባ፤ ልታርፍ 16 ደቂቃ ያህል ሲቀራት በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ሪክ ሃዝባንድ፣ ዊሊያም ማኩል፣ ማይክል አንደርሰን፣ ዴቪድ ብራውን፣ ካልፓና ቻውላ፣ ሎሬል ክላርክና ኢላን ራሞን ሞቱ።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነገር አለ። ቦይንግ የሮክዌልን የጠፈር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1996 ገዝቶት ስለነበር፣ መመላለሻዎቹን የሚያውቁት መሐንዲሶች ሥራ ከካሊፎርኒያ ወደ ሂውስተን ይዛወር ነበር። የአረፋውን ምት በስሌት እንዲመረምሩ የታዘዙት በሂውስተን የነበሩ፣ በዚያ የስሌት መሣሪያ ብዙም ልምድ ያልነበራቸው ሰዎች መሆናቸውን አጣሪው ቦርድ ገልጿል። የኩባንያ ስም ሲለወጥና ቢሮ ሲዛወር ወረቀቱ ይሄዳል፤ ወረቀት ላይ ያልሰፈረው ዕውቀት ግን ጡረታ ከወጣው ሰው ጋራ ይቀራል። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ስም ሲለዋወጥና ሲዋሐዱ ያየ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የሁለቱ መንኰራኵሮች ስብርባሪ የተያዘበት መንገድ ለየቅል ነው። ከባሕር የወጣው የቻሌንጀር ስብርባሪ በፍሎሪዳ በማይሠራባቸው የሚሳይል ጕድጓዶች ውስጥ ተከትቶ ተከደነ። የኮሎምቢያ ግን ሕዝቡ ሜዳ ለሜዳ ለቅሞ ከ80,000 የሚበልጥ ቍራጭ፣ ይህም ከክብደቷ 38 በመቶ ያህል፣ ከተሰበሰበ በኋላ በኬኔዲ የጠፈር ማዕከል በአንድ ትልቅ ክፍል ተደርድሮ፣ ሙቀት ብረትን እንዴት እንደሚበላ ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች በውሰት ይሰጣል። የመጀመሪያው መቀብር ነው፤ ሁለተኛው ቤተ መጻሕፍት። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሁለቱም የተወሰዱ ክፍሎች ለሕዝብ እንዲታዩ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የሰጠመ የጦርነት ዘመን አውሮፕላን የሚፈልጉ ጠላቂዎች ከባሕሩ ወለል ላይ የቻሌንጀርን አንድ ትልቅ ክፍል አገኙ። ናሳ የሦስቱን አደጋ ሟቾች በየዓመቱ በአንድ ቀን ያስባል፤ ሦስቱም ከጥር 19 እስከ ጥር 24 ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ መግጠማቸው የአጋጣሚ ነገር ነው። በካፋና በቤንች ይህ ሳምንት ሰማዩ የጠራበት፣ የተለቀመው ቡና ጀንፈል ሆኖ የሚሰጣበት የበጋ ወቅት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አለመሆኑን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አሳይቷል። በዚያን ዕለት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቍጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። ከአምስት ወር ያልበለጠ ጊዜ አስቀድሞም በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው ጠፍቶ ነበር። የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚገፋው ሥርዓት በአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ላይ ብቻ የተመሠረተ ነበር፤ ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊትም መኖሩ ለአብራሪዎች በመመሪያቸው አልተነገረም። ሠሪው ያውቃል፣ ተቈጣጣሪው የሚያውቀው ሠሪው የነገረውን ያህል ነው፣ የሚሳፈረው ምንም አያውቅም። ጠፈርተኛ ቢያንስ አደጋውን ተቀብሎ ይሳፈራል፤ ወደ ናይሮቢ ለመሄድ ትኬት የቈረጠ መንገደኛ ግን ለዚህ አልፈረመም። ይህ ልዩነት በሁለቱ ታሪኮች መካከል ትልቁ ልዩነት ነው።

ቅጣው እጅጉ ይህን አላዩም። ከኩባንያው ሥራ በኋላ የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ በመጨረሻው ዘመናቸውም በፖለቲካ ገብተው የኢትዮጵያ ብሔራዊ አንድነት ግንባር የተባለውን ድርጅት መርተዋል፤ ዕድሜያቸው ስድሳ ሳይሞላ በጥር 1998 ዓ.ም. በአሜሪካ አረፉ። ስለ እርሳቸው በአማርኛ ከተጻፈው ውስጥ የሚበዛው የክብር ስማቸውን የሚዘረዝር ነው። የሥርዓት መሐንዲስ ግን ሥራው በስሙ አይጠራም፤ ሁለት ክፍሎች ሳይጣሉ ሲሠሩ ማንም የማያስተውለው ነገር ነው። የጠፈር ታሪክም ስሙን የሚያነሣው አንድ ነገር ሲላቀቅ ነው።

ኢትዮጵያ በስሟ የምትጠራ ሳተላይት ያወጣችው ከእርሳቸው ሞት 14 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 የተባለችው ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ከታይዩዋን የማስወንጨፊያ ጣቢያ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት፣ ቻይናና ብራዚል በጋራ ከሠሩት አንድ ትልቅ ሳተላይት ጋራ ተደርባ ወጣች። በ2006 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ዓይነት ሮኬት የተላከው ሌላው የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ሦስተኛው የሮኬቱ ክፍል ያለጊዜው ስለቆመ ወደ ምድር ወድቆ ጠፍቶ ነበር። የኢትዮጵያዋ ሳተላይት በሰላም ደርሳ ምስሏን ወደ እንጦጦ ላከች፤ የቀድሞውን ጥፋት የሚያስታውስ ግን በደስታው መካከል አልነበረም። ካሜራዋ በብርሃን የሚሠራ በመሆኑ ደመና ሲጋርድባት አታይም ነበር፤ ሚዛን፣ ቴፒና ማሻ ደግሞ አብዛኛውን ዓመት በዝናብና በደመና ሥር ያሉ ናቸው። በአገሪቱ ደን ከበዛባቸው ስፍራዎች ዋነኛው ለማየት ከሚያስቸግሩት አንዱ ሆኖ ተገኘ።

ወደ ላይ የወጣ ሁሉ ተመልሶ የሚወድቅ መሆኑም እየቀረበ መጥቷል። ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎረቤት ኬንያ በማኩዌኒ አውራጃ በሙኩኩ መንደር ስፋቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል፣ ክብደቱ 500 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ የብረት ቀለበት ከሰማይ ወድቋል፤ የኬንያ የጠፈር ድርጅት ከሮኬት የተለየ አካል መሆኑን አስታውቆ ምርመራ ጀመረ። የተጐዳ ሰው አልነበረም።

የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ግን ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብለው ስለሚዞሩ አይወድቁም፤ ዛሬ የደቡብ ምዕራቡን የቡና አገር ከጠፈር ጋራ በይበልጥ የሚያገናኙትም እነርሱና መሰሎቻቸው ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ወደ ገበያው የሚገባ ቡና የተመረተበት ቦታ ከተመነጠረ ደን አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ተፈጻሚነቱ ተደጋግሞ ቢገፋም ዝግጅቱ በየቀበሌው ተጀምሯል። ከአራት ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው በሙሉ ይለካል፤ ከዚያ ለሚያንሰው፣ ማለት ለአብዛኛው የካፋ፣ የቤንችና የሸካ ገበሬ፣ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ያለው አንድ የኬክሮስና የኬንትሮስ ነጥብ ይበቃል። ነጥቡን ለማግኘት ስልኩ ቢያንስ የአራት ሳተላይት ምልክት በአንድ ጊዜ መያዝ አለበት። በጫካ ቡና ውስጥ የጥላው ዛፍ ቅጠል ምልክቱን ስለሚያደክመው፣ የሚመዘግበው ሠራተኛ ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ ሰማይ ወደሚታይበት ገላጣ ይወጣል፤ ገበሬውም ከማሳው ዳር ቆሞ ይጠብቀዋል።